«ዱለት ነው አትበሉ»

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ቅዱሳን።

የዛሬው ትምህርት ከራሴ ኀፍረት ይጀምራል። አንድ ምሽት የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ተናጋሪው ስሙን አልተናገረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «እነርሱ» በአማኞች ላይ ምን እንዳሰቡ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚጀምሩ፣ ትእዛዙ ከማን እንደወጣ ይዘረዝራል። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። እኔ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሳልደርስ ለአራት ግሩፕ አስተላልፌዋለሁ። አንዱ የጸሎት ግሩፓችን ነበር፤ ከሥሩ «ቅዱሳን፣ እንጸልይ» ብዬበታለሁ። ሌላው የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ከእርሱ ጋር ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «እናንተ ዓለምን የሚገዛ አምላክ አለን ትላላችሁ። እኔ ማንም የለኝም። ታዲያ ከእኔ ይልቅ እናንተ የምትፈሩት ለምንድን ነው?»

ክፋት ለምን ኖረ ቢለኝ፣ የትንሣኤው ማስረጃ ምንድን ነው ቢለኝ፣ የአዲስ ኪዳን ቅጂዎች እንዴት ይታመናሉ ቢለኝ የተሰናዳ መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው አልነበረኝም። «ጥንቃቄ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። እኔም አላመንኩትም፤ እርሱም አላመነኝም።

ዕቅበተ እምነትን፣ ማለትም ለእምነታችን መልስ መስጠትን፣ የምንወድ ሰዎች 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15ን በቃላችን እናውቀዋለን፤ የሥራ ፈቃዳችን ነውና። ችግሩ ከመሐሉ መጀመራችን ነው፦ «መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ።» ዐረፍተ ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ነው የሚነሣው፦ «ማስፈራራታቸውንም አትፍሩ አትናወጡም፥ ዳሩ ግን ጌታን እርሱም ክርስቶስ በልባችሁ ቀድሱት።» መልስ መስጠት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ጴጥሮስ የሚናገረው ቃል ከኢሳይያስ 8፥12-13 የተወሰደ ነው። ወደዚያ ሄጄ ሳነብ ደነገጥኩ፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለዚያ ስለ ድምፅ መልእክቴ ነበርና። ይህ ሕዝብ ዱለት የሚለውን ሁሉ «ዱለት ነው» አትበሉ፤ የሚፈሩትን አትፍሩ፤ የሠራዊትን ጌታ እግዚአብሔርን ቀድሱ፤ የሚያስፈራችሁ እርሱ ይሁን። ዱለት ማለት ዛሬ ሴራ የምንለው ነው።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 734 ዓመት ገደማ ነው። የሶርያው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ግንባር ፈጥረው በይሁዳ ላይ ተነሡ። ዓላማቸው ንጉሡን አካዝን አውርደው የጣብኤልን ልጅ ማንገሥ ነበር። ወሬው ኢየሩሳሌም ሲደርስ የንጉሡም የሕዝቡም ልብ የዱር ዛፍ በነፋስ እንደሚናወጥ ተናወጠ ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴራው እውነት ነበር። መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ኢሳይያስ «ሴራ የሚባል ነገር የለም» አላለም። የከለከለው ሕዝቡ ሴራ የሚለውን ሁሉ ሴራ ማለትን ነው፤ ፍርሃት ዓይናችን ሆኖ እንዳያይልን ነው።

ነቢዩ ልጁን ያሱብን ይዞ ከላይኛው ኩሬ መስኖ አጠገብ አካዝን አገኘው። ሊከበብ የተቃረበ ንጉሥ ውኃውን ማየቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ኢሳይያስ ስለ ሁለቱ ነገሥታት የነገረው፣ ነድደው ያለቁና ጭስ ብቻ የቀራቸው የእንጨት ትርኳሾች መሆናቸውን ነው። ከዚያም «ባታምኑ አትጸኑም» አለው። በዕብራይስጡ ማመንና መጽናት የሚሉት ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሥር ይወጣሉ፤ «አሜን» የሚለው ቃልም ከዚያው ነው፤ የእኛም «አመነ» ዘመዱ ነው።

አካዝ ምን አደረገ? ወደ አሦር ንጉሥ ወደ ቴልጌልቴልፌልሶር መልእክተኞች ላከ። በ2ኛ ነገሥት 16፥7 የተጻፈው የመልእክቱ ቃል ይህ ነው፦ «እኔ ባሪያህና ልጅህ ነኝ፤ መጥተህ አድነኝ።» ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ባሪያህ። ልጅህ። አድነኝ። እነዚህ የጸሎት ቃላት ናቸው! በተለይ «ልጅህ» የሚለው ያማል። እግዚአብሔር ለዳዊት ስለሚነግሠው ዘሩ «እኔም አባት እሆነዋለሁ፥ እርሱም ልጅ ይሆነኛል» ብሎ ነበር። አካዝ በዚያ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የወረሰውን ልጅነት በፍርሃቱ ቀን አንሥቶ ለሌላ አባት ሰጠ። እግዚአብሔርን ክዶ አላወጀም፤ መቅደሱም አልተዘጋም ነበር። «አድነኝ» የሚለውን ቃል ብቻ ወደ ሌላ አድራሻ ላከው። ክፍያውን ደግሞ ከመቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ ነው ያወጣው።

ስለ እምነትና ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው «ክርስቲያን ይግባ ወይስ አይግባ» የሚል ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ብዙም አልወደውም። ኢሳይያስ ገብቶ ነበር እኮ! ንጉሡን መንገድ ላይ አግኝቶ ስለ ጦርነትና ስለ ውጭ ግንኙነት ምክር ሰጠው። ምረጥ፣ ተሟገት፣ ሹመት ቢሰጥህ በቅንነት አገልግል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ስለ አንድ መሪ ወይም ስለ አንድ ወገን ስናወራ ከአፋችን የሚወጣው የ«አድነኝ» ቃና ነው። ሰውየው ሲነካ የምናሳየው ቁጣ የጌታ ስም ሲነቀፍ ከምናሳየው ሲበልጥ፣ ቀድሞ ኃጢአት ስንለው የነበረውን ነገር እርሱ ስላደረገው ብቻ «ጥበብ» ስንለው፣ መልእክተኞቻችን ወደ አሦር ከሄዱ ቆይተዋል ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አካዝ የአሦርን ንጉሥ ሊገናኝ ደማስቆ ወረደ፤ እዚያም አንድ መሠዊያ አየ። ወደደው። ንድፉን ለካህኑ ለኦርያ ላከለት፤ ኦርያም ንጉሡ ሳይመለስ ሠርቶ ጨረሰው። የእግዚአብሔር የናስ መሠዊያ ከፊት ተነሥቶ ወደ ጎን ተዛወረ። አልፈረሰም፣ አልተጣለም፤ ትንሽ ገለል አለ እንጂ። በፖለቲካው የተጀመረው ፍርሃት ዞሮ ዞሮ አምልኮው ውስጥ ገባ። ኦርያ «ለምን?» ብሎ እንደጠየቀ አልተጻፈም። (እኛ አስተማሪዎች በዚህ ክፍል የምንሰብከው ስለ አካዝ ነው፤ ስለ ኦርያ ስንሰብክ ሰምቼ አላውቅም።) ያ ሁሉ የተከፈለበት አሦር ደግሞ አካዝን አስጨነቀው እንጂ አልረዳውም ይላል 2ኛ ዜና መዋዕል 28።

አሁን ወደ ጴጥሮስ እንመለስ። ኢሳይያስ «የሠራዊትን ጌታ እግዚአብሔርን ቀድሱት» ባለበት ቦታ ጴጥሮስ «ጌታን እርሱም ክርስቶስ» ብሎ አስገባ። አንድ ዓሣ አጥማጅ አይሁዳዊ፣ አብሮት የበላውንና የጠጣውን ኢየሱስን ለእግዚአብሔር ብቻ በተጻፈ ቃል ውስጥ አኖረው። የክርስቶስ አምላክነት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተፈጠረ ሐሳብ ነው ለሚሉን ይህ ጥቅስ ጠንካራ መልስ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። ተከራክሬበታለሁ እንጂ ታዝዤው አላውቅም ነበር። ጥቅሱ ክርስቶስ አምላክ መሆኑን በክርክር እንዳሸንፍበት አልተሰጠኝም። አምላክ ስለሆነ ሌላውን አልፈራም እንድል ነው።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳቸው አገሮች መካከል ጳንጦስና ቢታንያ አሉ። ሁለቱም ዛሬ ሰሜን ቱርክ በምንለው በጥቁር ባሕር ዳርቻ ናቸው። በ112 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያንኑ ግዛት ያስተዳድር የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። የተከሰሱትን «ክርስቲያን ነህ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የጸኑትን ያስገድላል። ለሚክዱት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል አስመጥቶ ወይንና ዕጣን እንዲያቀርቡለት፣ ክርስቶስንም እንዲረግሙ ያደርጋል። እውነተኛ ክርስቲያኖች ይህን እንዲያደርጉ ማስገደድ አይቻልም እንደሚባልም ጽፏል። ምን አገኘባቸው? በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ይሰበሰባሉ፤ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ ቃላቸውን ላለማጠፍ ይማማላሉ። እውነቱን ለማውጣት ብሎ አገልጋዮች የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ፤ ያገኘው ከልክ ያለፈ አጉል እምነት ብቻ መሆኑን ጻፈ።

የዚህን ጉድ ሌላኛ ገጽ እዩልኝ። በዚያው ግዛት በኒቆምድያ ከተማ ትልቅ እሳት ተነሥቶ ብዙ ቤት አቃጠለ። ፕሊኒ 150 ሰዎች ያሉት የእሳት አጥፊ ቡድን ላቋቁም ወይ ብሎ ጠየቀ። ትራጃን ከለከለው፤ ሰዎች በምንም ስም ይሰብሰቡ፣ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ማኅበር ይሆናሉ ሲል። ጦሩ ዓለምን ያንቀጠቀጠ ንጉሠ ነገሥት ባልዲ የያዙ መቶ ኀምሳ ሰዎች ዱለት መሰሉት! በዚያ ግዛት ማን ነበር ፈሪው? ሁለቱ ሴቶች ግን ስማቸው እንኳ አልተጻፈልንም።

ፕሊኒ የብዙ ሰዎች ስም ያለበት፣ ጸሐፊው ያልታወቀ ክስም ደርሶት ነበር። የትራጃን መልስ፦ ስም የሌለው ክስ በማንኛውም ወንጀል ቦታ አይሰጠው፤ መጥፎ አርአያ ነው፣ ለዘመናችንም አይመጥንም። ጣዖት አምላኪው ንጉሥ ይህን ያለው ስለ እኛ አባቶች ነበር። እኔ ደግሞ ስሙን ያልተናገረ ሰው የላከውን ክስ በአንድ ምሽት ለአራት ግሩፕ።

«ታዲያ እውነተኛ አደጋ ሲኖር ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። በሐዋርያት ሥራ 23 ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች በሮማ ወታደሮች እጅ ታስሮ የነበረውን ጳውሎስን ሳይገድሉ እህል ውኃ ላይቀምሱ ተማማሉ። የጳውሎስ የእኅት ልጅ ሰማ። ገብቶ ለጳውሎስ ነገረው፤ ጳውሎስም ከመቶ አለቆቹ አንዱን ጠርቶ ልጁን ወደ ሻለቃው አስወሰደው። ሻለቃው የልጁን እጅ ይዞ ገለል አደረገውና ለብቻው ጠየቀው፤ ከዚያም ለማንም እንዳይናገር አዝዞ አሰናበተው። ሴራው ከሽፏል። ሰምቶ የተናገረው ሰው ይታወቃል፤ ነገሩ የደረሰው ማድረግ ለሚችለው ሰው ነው፤ ያየነውም አንድ እጅ ሌላውን ይዞ ገለል ሲል ነው። በየምኵራቡ የተደናገጠ ሕዝብ አላየንም።

አንድ ቃል ቀረችኝ። መልሳችሁ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል የቀድሞው ትርጉማችን። አንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች «በአክብሮት» ብለውታል፤ ስሕተት አይደለም። ግን «ፍርሃት» ሲባል ክሩ አይበጠስም፦ ማስፈራራታቸውን አትፍሩ፣ ጌታን ቀድሱት፣ መልሱን በፍርሃት ስጡ። ይኸው ጴጥሮስ ምዕራፍ 2 ላይ «እግዚአብሔርን ፍሩ፥ ንጉሥን አክብሩ» ብሎ ድርሻ ለይቷል። ለንጉሥ አክብሮት እንጂ ፍርሃት አልተሰጠውም። የሚፈራው አንዱ ብቻ የሆነ ሰው ሌላውን ለማዋረድ ምክንያት ያጣል። እስቲ በኢንተርኔት ላይ ያደረግናቸውን ክርክሮች መለስ ብለን እናንብብ፤ ስድቡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የምንሸነፍ ሲመስለን ነው።

የተባለው ሳምንት መጣና አለፈ። ምንም አልሆነም። በሦስቱ ግሩፖች «የላክሁት ወሬ ሐሰት ነበር፤ ሳላጣራ ስላስተላለፍኩ ይቅር በሉኝ» ብዬ መጻፍ ብዙም አልከበደኝም። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ግን ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሞ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ ሁለት መስመር ላክሁ።

ባልደረባዬ ስልኩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ማንም አልጠየቀህም እኮ» አለ። «ሁሉም ረስቶታል። ለምን ጻፍከው?»

ያን ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ግማሹ መብራት ጠፍቶ፣ ስናወራ አመሸን። እስካሁን አላመነም። መጠየቁን ግን አልተወም።