ኦስሞሲስ፦ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?

ኦስሞሲስ ውሃ በሴል ሽፋን በኩል የሚያልፍበት ሂደት ነው። ውሃው ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። አንዱ «ከብዙ ወደ ጥቂት» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ከጥቂት ወደ ብዙ» ብሎ ድርቅ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የምኑ ብዛት እንደሆነ ስለማይናገሩ ነው የማይግባቡት፤ አንዱ ውሃውን ይቆጥራል፣ ሌላው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር፣ ለምሳሌ ጨውን።

እኔ ጨውን ብቻ መከታተል ይቀለኛል። ውሃ በሴሉ ሽፋን በኩል የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ይሄዳል፤ የሟሟው ነገር ራሱ ሽፋኑን በቀላሉ የማያልፍ ከሆነ ማለት ነው።

ቀይ የደም ሴልን እንውሰድ። 0.9 በመቶ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ቅርጹ አይለወጥም። ብዙዎች እዚህ ጋ «ውሃው ቆመ» ይላሉ። አልቆመም! የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆኖ ነው። ንጹህ ውሃ ውስጥ ከከተትነው ግን ውሃው ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሴሉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይፈነዳል። 10 በመቶ ጨው ውስጥ ደግሞ ውሃው ይወጣና ሴሉ ጭምድድ ይላል። ለዚህ ሁሉ ሴሉ ጉልበት አያወጣም።

ሕጉ ያው ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ሴሉ ይለያያል። የዕፅዋት ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ይወጠራል እንጂ አይፈነዳም። ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው።