ክሩኪድ፦ ጠማማ ሁሉ አንድ አይደለም

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀጥ ያላለ ነገር ሲያይ «ክሩኪድ» (crooked) ይላል። እኛ መዝገበ ቃላት ገልጠን «ጠማማ» የሚለውን እናነብና አለቀ ብለን እንዘጋዋለን። አላለቀም። ስለ ቃሉ የምንሳሳትባቸውን አራት አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሲነበብ ክሩክት ነው።»
ቅጽሉ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚነበበው፤ ክሩ፣ ኪድ። ልክ እንደ «ኔኪድ» እና «ዊኪድ»። «ክሩክት» የሚባለው ግሱ ነው፤ ሰውዬው ጣቱን ቆልመም አድርጎ ጠራኝ ለማለት።

«ጠማማ ሰው ክሩኪድ ነው።»
ብዙዎቻችንን ጉድ የሚሠራን ይሄኛው ነው። እኛ ሰውን ጠማማ ስንል ነገረኛ፣ እሺ የማይል፣ ቀና ነገር የማይዋጥለት ማለታችን ነው። እጁ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ሳንቲም ሰርቆ አያውቅ ይሆናል። እንግሊዝኛው የሚያወራው ስለ እጁ ነው። ክሩኪድ ፖሊስ ጉቦ የሚበላ ነው፤ ክሩኪድ ነጋዴ ሚዛን የሚሰርቅ። ዘመዱ «ክሩክ» ጥንት መንጠቆ ማለት ነበር፤ የእረኛ ቆልማማ ዱላ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን አጭበርባሪ ማለት ነው። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1973፣ ዋተርጌት የተባለው የፖለቲካ ቅሌት ወጥሮ ይዟቸው ሳለ፣ «እኔ ክሩክ አይደለሁም» ያሉት ግትር አይደለሁም ለማለት አልነበረም። እና ነገረኛ ጎረቤታችሁን ክሩኪድ ካላችሁት፣ ሳታስቡት ሌባ ብላችሁታል።

«ዕቃው ራሱ የተጣመመ መሆን አለበት።»
አንዴ የሥራ ባልደረባዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ፎቶ አይታ «ክሩኪድ ነው» አለችኝ። አውርጄ ፍሬሙን አገላብጬ አየሁት። አራቱም ማዕዘን ደህና ነው! ለካ ተንጋዶ ተሰቅሏል ማለቷ ነው። መልሼ ሰቅዬ በአንድ ጣት ገፋ ሳደርገው ተስተካከለ። ለተንጋደደ ክራባትም ይሄው ቃል ነው።

«መቼም ስድብ ነው።»
ሁልጊዜ አይደለም። በአንድ በኩል ብቻ ከፍ የሚል ፈገግታ ክሩኪድ ይባላል፤ እንዲያውም ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። የአሜሪካዋ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በዚሁ ቃል ቱሪስት ትስብበታለች። የሎምባርድ ጎዳና ቁልቁለት 27 በመቶ ነበርና ለመኪና አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1922 ስምንት እጥፋት ወጣለት፤ «ከዓለም አንደኛው ክሩኪድ መንገድ» የሚል ስምም አተረፈ። እዚያው ከተማ ያለው ቬርሞንት ጎዳና ግን «የኛው ይብሳል» ብለው የሚከራከሩለት ሰዎች አሉት።