ፍሬይልቲ ምንድን ነው? የ85 ዓመት ሰው የአንጀት ካንሰር ሲገኝባቸው

ስለ ትልቅ ሰው ስናወራ ሁለት ቃል አለን። «አርጅተዋል» እና «ደክመዋል»። አንድ አይደሉም። ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ እናቶች አሉ። አርጅተዋል እንጂ ደክመዋል አንላቸውም። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ደግሞ ከአልጋ ለመነሳት ሰው የሚፈልጉ አሉ። ደክመዋል የምንለው እነሱን ነው። ሐኪሞች ፍሬይልቲ የሚሉት ይህንኑ ድካም ነው።

ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ትርፍ አቅም አለው። ልብም፣ ሳንባም፣ ኩላሊትም፣ ጡንቻም። ፍሬይልቲ ማለት ያ ትርፍ ማለቁ ነው። ያኔ ትንሽ ነገር ይጥላል። ጉንፋን፣ ሁለት ቀን አልጋ ላይ መዋል፣ አንድ አዲስ ክኒን። በፈረንጆች 2001 ሊንዳ ፍሪድ የሚመሩት የአሜሪካ ተመራማሪዎች አምስት ምልክት አስቀመጡለት። ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ቶሎ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ አረማመድ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ ከተገኙ ሰውየው ደክመዋል ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሌላ መለኪያም አለ። ከ1 እስከ 9 ይቆጥራል። 1 ጠንካራው ነው።

ይህ ቃል በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ብዙ ነገር ይወስናል። በሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ዕድሜ ከገፋ በኋላ ነው። በትልልቅ ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ይወጣል። እዚያ ሰገራው ገና ቀጭን ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም። በዓይን የማይታይ ደም ግን በየቀኑ ይንጠባጠባል። እናት ይገረጣሉ፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቡና ማፍላት ይተዋሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። ደም ማነስ ግን እርጅና አይደለም። ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ይህን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በአሜሪካ ምልክት የሌለው ሰው ለአንጀት ካንሰር በየጊዜው እንዲመረመር የሚመከረው ከ45 እስከ 75 ዓመት ነው። ከ76 እስከ 85 እንደየሰው ሁኔታ ይወሰናል። ከዚያ በላይ አይመከርም። ይህን የሰማ ሰው «ከ85 በኋላ ሕክምና የለም» ብሎ ይደመድማል። ስህተት ነው። ያ ምክር ምንም ስሜት ለሌለው ሰው ነው። ለታመመ ሰው ሕክምና የዕድሜ ጣሪያ የለውም።

ካንሰሩ ካልተሰራጨ ዋናው መድኃኒት ኦፕራሲዮን ነው። ጠንከር ያሉ የ85 ዓመት ሰው ተዘጋጅተው ከገቡ ብዙ ጊዜ በደህና ይወጣሉ። የሚያስፈራው አንጀቱ ተዘግቶ በድንገት በሌሊት ኦፕራሲዮን መግባት ነው። ያኔ የመሞት አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ «አርጅተዋል፣ አናስቸግራቸው» ብሎ መጠበቅ አንዳንዴ ወደ ከባዱ ኦፕራሲዮን መግፋት ነው።

አገሮች የሚለያዩት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። በአውሮፓ የካንሰር መዝገቦች ሲነጻጸሩ፣ ካንሰሩ ያልተሰራጨባቸው ከ80 በላይ የሆኑ ሕሙማን በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ኬሞ (ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት) ማን ያገኛል የሚለው ግን ከአገር አገር በጣም ይለያያል። በሽታው አንድ ነው፣ የሚለያየው የሐኪሞቹ ልማድ ነው። ልማድ የበዛው ደግሞ ማስረጃው ስለሳሳ ይመስለኛል። ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ለአንጀት ካንሰር ያስለመደው በ2004 የወጣው ትልቅ ጥናት የዕድሜ ጣሪያው 75 ነበር። የ85 ዓመት ሰው በዚያ ውስጥ የሉም።

በኋላ ለእነሱ ተብለው የተሠሩ ጥናቶች መጡ። ብሪታንያ ውስጥ ሙሉ ኬሞ ይከብዳቸዋል የተባሉ 459 ሕሙማን በ80 በመቶ መጠን እንዲጀምሩ ተደረገ። ውጤቱ በ2011 ወጣ፣ በጥንቃቄ ከተሰጠ እንደሚቻል አሳየ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው 251 ትልልቅ ሰዎች ላይ ኦክሳሊፕላቲን ሲጨመር በሽታው ሳያድግ የሚቆይበት ጊዜ አልረዘመም። ጉዳቱ ግን ጨመረ። ይህ መድኃኒት ጣት ያደነዝዛል። ለወጣት የሚያልፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ለ85 ዓመት እናት ግን ቁልፍ መቆለፍ አለመቻል ነው። እግራቸው መሬቱን በደንብ ካልተሰማው ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል።

ታዲያ ማን ይችላል፣ ማን አይችልም? ይለካል። ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጂ8 የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ስምንት ነጥብ ብቻ ነው። ምግብ ቀንሷል ወይ? ክብደትስ? ከወንበር ተነስተው ይሄዳሉ? በቀን ከሦስት በላይ መድኃኒት ይወስዳሉ? ሙሉ ውጤቱ 17 ነው። 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰፋ ያለ ምዘና ይደረጋል። እዚያ ላይ ሐኪሙ ከወንበር ተነሱ፣ ሦስት ሜትር ሂዱ፣ ተመለሱ፣ ተቀመጡ ይላል። በእጁ ሰዓት ይይዛል። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ብዙ ትናገራለች።

ይህ ምዘና ወረቀት መሙላት ብቻ አይደለም። በ2021 በወጣ የአሜሪካ ጥናት የተለያየ ካንሰር የተሰራጨባቸው 718 ሕሙማን ነበሩ፣ ሁሉም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ። የምዘናው ውጤት ሐኪማቸው እጅ ከገባላቸው መካከል ከባድ የመድኃኒት ጉዳት የደረሰባቸው 51 በመቶ ናቸው። ካልገባላቸው መካከል 71 በመቶ። ውጤቱ የደረሳቸው ሐኪሞች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ መጠኑን ቀነስ አድርገው ነበር የጀመሩት። የሕሙማኑ ዕድሜ በዚህ ምክንያት አላጠረም።

ድካም ደግሞ በከፊል ይመለሳል። በኔዘርላንድስ በተመራ ጥናት የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሕሙማን ለአራት ሳምንት እንቅስቃሴ ሠሩ፣ ፕሮቲን ጨመሩ፣ ሲጋራ የሚያጨሱት እንዲያቆሙ ታገዙ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ከባድ ችግር ቀነሰላቸው። ስለዚህ ቀጠሮው አንድ ወር ቢርቅ ወሩ ዝም ብሎ አይለፍ። በቀን እንቁላል፣ በቀን እርምጃ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የባህል መድኃኒቱም ሳይቀር።

እኛ ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ካንሰር መሆኑን አትንገሯት» እንላለን። ከፍቅር ነው። ግን ያልተነገራቸው ሰው ምን እንደሚፈልጉ ሊጠየቁ አይችሉም። አንዳንዱ ሁለት ዓመት መጨመር ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ለልጅ ልጁ ሰርግ በእግሩ መቆም ይበቃዋል። ለሁለቱ የሚሰጠው ሕክምና አንድ አይደለም።

ቋንቋም አለ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ። ምክንያቱም ማስታወስን በሚለካው ምዘና ውስጥ ሰዓት መሳል አለ። «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ አድርጉልኝ» ይባላሉ። በሐበሻ ሰዓት የኖሩ እናት አጭሩን እጅ አምስት ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። በእሳቸው ቆጠራ ልክ ናቸው። አጠገባቸው ያለ ሰው ይህን ለሐኪሙ ካልነገረ፣ ፋይላቸው ላይ የማስታወስ ችግር አለባቸው ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።