የግዛት ምክር ቤት ሎቢስት፦ ስለ ሥራው የሚባለውና እውነታው

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ «አናፖሊስ፣ የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት፣ ሎቢስት ሆኜ ልቀጠር ነው» ብትል፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ባለ የሐበሻ ቤት ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። እናት «ጉቦ የሚያቀብሉት?» ብላ ትደነግጣለች። አባት ደግሞ ስለ ነርሲንግ ያነሳል።

በድንጋጤው አልፈርድም። ያደግነው ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረውን ጉዳይ አስፈጻሚ እያየን ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም እየሰማን ነው። ግን ይህ ድንጋጤ ብዙ ነገር እያሳጣን ነው። የቤት ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ፈቃድ፣ የፀጉር ሥራ ፈቃድ፣ የኡበር ሾፌር ክፍያ፣ የተከራይና የአከራይ ሕግ፣ እነዚህ በአብዛኛው የሚወሰኑት በየግዛቱ ምክር ቤት ነው። ስለ ሎቢስት ያለንን ግምት ካላስተካከልን ልጆቻችን ወደዚያ በር አይጠጉም።

«ሎቢስት ማለት ጉቦ አቀባይ ነው»

ከሁሉ የከበደው ይህ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ጉቦ ወንጀል ነው። ሎቢ ግን መብት ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ከሃይማኖትና ከንግግር ነፃነት ጋር ለመንግሥት አቤት የማለትን መብት ይደነግጋል። ሎቢስት ያን አቤቱታ ተቀጥሮ የሚያሰማ ሰው ነው። ስሙን ያስመዘግባል፣ ማን እንደቀጠረው ይናገራል፣ ወጪውን ሪፖርት ያደርጋል፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀጣሪ በዓመት 100 ዶላር ከፍሎ ይመዘገባል፤ ቴክሳስ ውስጥ መደበኛው የመመዝገቢያ ክፍያ 750 ዶላር ነው። በስውር ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ስሙን አያሰፍርም።

ጥርጣሬው የእኛ ብቻም አይደለም። የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣው ሕገ መንግሥት ሎቢ ማድረግን ወንጀል ብሎት ነበር። ማሳቹሴትስ በ1890 ሌላ መንገድ መረጠ፤ መከልከሉን ትቶ ሎቢስቶች በይፋ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶች የሚሄዱት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

የስጦታ ሕጉን ደግሞ ሐበሻ ሲሰማው ይገረማል። ለእኛ ሰውን ቡና መጋበዝ ሰላምታ ማለት ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ሎቢስት ለሕግ አውጪ አንድ ሲኒ ቡና መግዛት አይችልም። በካሊፎርኒያ ከአንድ ሎቢስት የሚመጣ ስጦታ በወር ከ10 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ይወስናል። ቨርጂኒያ ለረጅም ጊዜ ልቅ ነበረች፤ ገዥዋ የነበሩት ቦብ ማክዶኔል ከአንድ ነጋዴ በተቀበሉት ስጦታና ብድር ምክንያት ከተከሰሱ በኋላ ግን የስጦታው ጣሪያ በዓመት 100 ዶላር ሆነ። (የማክዶኔልን ጥፋተኝነት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ሽሮታል፤ የስጦታው ገደብ ግን ጸንቶ ቆየ።)

ታዲያ የሚበላ የለም ማለቴ አይደለም። በኦሃዮ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረው ላሪ ሃውስሆልደር ከኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በተያያዘ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የጉቦ ሴራ በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። አብሮት የተከሰሰው ሎቢስት 5 ዓመት ተፈረደበት። ሌላም የማልደብቀው ነገር አለ፦ ገንዘብ ጉልበቱን የሚያሳየው በምሳ ግብዣ ሳይሆን በምርጫ መዋጮ በኩል ነው። ቨርጂኒያ ለመዋጮ ጣሪያ የላትም። ሜሪላንድ በአንጻሩ ሎቢስት ለምክር ቤት አባላት ገንዘብ እንዳያሰባስብ ትከለክላለች። ወደ ሙያው የሚገባ ልጅ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

«ሕጉ ሲያልፍ ኮሚሽን ይቀበላሉ»

ይህ ከቤትና ከመኪና ደላላ የተወሰደ ግምት ነው። «ካለቀ ትከፍለኛለህ» ብሎ መዋዋል ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ በአብዛኞቹ ግዛቶች ክልክል ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1874 ትሪስት ከቻይልድ ጋር በተከራከሩበት መዝገብ፣ ኮንግረስ ከሚከፍለው ገንዘብ 25 በመቶ ለሎቢስቱ እንዲሰጥ የተደረገውን ውል አላስፈጽምም አለ። ዛሬ በግል ድርጅት የሚሠራ ሎቢስት ከደንበኛው ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ይቀበላል፤ በማኅበር ወይም በኩባንያ ውስጥ ያለው ደመወዝተኛ ነው። ሕጉ ቢያልፍም ባያልፍም ክፍያው ያው ነው።

«ሎቢ የሚደረገው ዋሽንግተን ነው»

ይህን ግምት ያሳደረብን የራሳችን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ኤች አር 2003 የተባለ ረቂቅ ሕግ በኮንግረስ ታችኛው ምክር ቤት ሲያልፍ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአንድ ወገን ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የሕግና የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ፣ ዲያስፖራው በሌላ ወገን በየተወካዩ ቢሮ እየዞረ ይከራከር ነበር። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ኤች አር 128 ሲያልፍም ስንቱ ሰው ስልክ ደወለ፣ ስንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ካፒቶል ሂል ወጣ። ስለዚህ ሎቢ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ያ ነጭ ጉልላት ነው።

የዕለት ኑሯችን ግን የሚወሰነው በሌሎቹ ጉልላቶች ሥር ነው። ሚኒሶታን ልውሰድ። የኡበርና የሊፍት ሾፌሮቹ፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ እንዲወሰን ሲጠይቁ ቆዩ። በ2023 ረቂቁ በግዛቱ ዋና ከተማ በሴንት ፖል በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ፤ ሰው ደስ አለው። ከዚያ ገዥው ቲም ዋልዝ ቪቶ አደረጉት፤ አልፈርምም ብለው መለሱት። በሥልጣን ዘመናቸው ቪቶ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት በማርች ወር የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የራሱን ደንብ አወጣ፤ ኩባንያዎቹም ከከተማው እንወጣለን አሉ። በመጨረሻ በሜይ 2024፣ የምክር ቤቱ የጉባኤ ወቅት (ሴሽኑ) ሊዘጋ ሲል፣ ድርድሩ ግዛት አቀፍ ሕግ ሆነ፦ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። ከተሞችም ከዚያ የተለየ ክፍያ እንዳይደነግጉ ተከለከሉ።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት የሥራው ባሕርይ ሁሉ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ሾፌሮቹ በሁለቱም ምክር ቤት አሸንፈው የገዥው ቢሮ ላይ ወደቁ። ከተማ ላይ ያገኙትን ግዛቱ ወሰደው፣ በምትኩ ሌላ ሰጣቸው። በግዛት ደረጃ የሚሠራ ሎቢስት እነዚህን ሦስት በሮች በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ነው። ዋሽንግተን ግዛትም (ከአገሪቱ ዋና ከተማ የተለየው) በ2022 ለሾፌሮች ዝቅተኛ ክፍያና የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ የሰጠ ሕግ በግዛቱ ዋና ከተማ በኦሊምፒያ አውጥቷል፤ እዚያ የሾፌሮቹ ማኅበርም ኩባንያዎቹም አንድ ረቂቅ ደግፈው ነው የወጡት።

«ጠበቃ ካልሆንክ አይቻልም»

የፈቃድ ፈተና የለም፣ የግድ የሚባል ዲግሪም የለም። ሜሪላንድ የተመዘገቡ ሎቢስቶች የሥነ ምግባር ሥልጠና እንዲወስዱ ታዛለች፤ ካሊፎርኒያም እንዲሁ። ከዚያ ውጭ ሙያው የሚለመደው በመዋል ነው። ብዙዎች የጀመሩት በአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ስልክ እያነሱ ወይም በተለማማጅነት (ኢንተርን ሆነው) ነው። ከሠራተኛ ማኅበር፣ ከነርስነት፣ ከመምህርነት የመጡም ብዙ ናቸው።

ምን ይሠራሉ? ያነባሉ። አንድ ረቂቅ ላይ «ይችላል» የሚለው «አለበት» ሲሆን ማን እንደሚጎዳ ቀድሞ ማየት የሙያው ግማሽ ነው። ከዚያ ያየውን በአንድ ገጽ መጻፍ፤ ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ ጊዜ ያለው የለም። ከዚያ መቁጠር፦ የሜሪላንድ ታችኛ ምክር ቤት 141 ዴሊጌቶች (ተወካዮች) አሉት፤ 71 ድምፅ ያላገኘ ረቂቅ አያልፍም። ሴኔቱ 47 ነው፤ 24 ያስፈልጋል። ስም በስም፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀየመ ሳይቀር ማወቅ ያሻል። የሚበዛው ሥራም አዲስ ሕግ ማሳለፍ ሳይሆን ጎጂውን ማስቆም ወይም ማለዘብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እውነት መናገር ነው። ጎበዝ ሎቢስት የተቃዋሚውን ክርክር ራሱ ቀድሞ ለተወካዩ ይነግረዋል። የደበቀው ነገር ኮሚቴ ፊት ወጥቶ ተወካዩ በሰው መሐል ካፈረ፣ ያ በር ሁለተኛ አይከፈትለትም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬው እስኪመሽ ሁሉም ቢሮ ይደርሳል።

ይህ እምነት ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ የተወካዮቹ ደመወዝ ይነግረናል። ኒው ሃምፕሺር ለአንድ ተወካይ የምትከፍለው በዓመት 100 ዶላር ነው። ቴክሳስ በወር 600 ዶላር። ቨርጂኒያ ለዴሊጌት በዓመት 17,640 ዶላር። ስለዚህ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ረዳታቸውም አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በ90 ቀን ከ2,000 በላይ ረቂቅ ይቀርብላቸዋል። አንዱ አንቀጽ በቤቷ አምስት ሕፃን የምትጠብቅን እናት እንዴት እንደሚነካ ከየት ያውቃሉ? የሚነግራቸው ሰው ካገኙ ይሰማሉ፤ የሚነግራቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሎቢስት መቅጠር የቻለው ወገን ነው። ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድክመት ነው። የእኛ ልጆች እዚያ መቀመጥ አለባቸው የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«በዓመት ሦስት ወር ሠርተው ይተኛሉ»

የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል። በዚያ ወቅት ሎቢስት ልጆቹን የሚያየው ተኝተው ነው። ሴሽኑ ሲዘጋ ግን ሥራው ቦታ ይቀይራል እንጂ አያልቅም፦ በበጋ ተወካዮችን በየሰፈራቸው ማግኘት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ረቂቅ ማዘጋጀት፣ የሚያቀርብ አባል መፈለግ፣ የወጣው ሕግ በመሥሪያ ቤቶች ወደ መመሪያ ሲለወጥ መከታተል። ብዙ ሰው ሕጉ ላይ አሸንፎ መመሪያው ላይ ይሸነፋል።

«የሚሠሩት ለትልልቅ ኩባንያ ነው»

ኩባንያዎች በርግጥ ብዙ ይቀጥራሉ። ነገር ግን ከተሞች፣ ካውንቲዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ የመምህራን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በየግዛቱ ሎቢስት አላቸው። «እኛ ግብረ ሰናይ ስለሆንን ሕጉ አይፈቅድልንም» የሚሉ የማኅበር መሪዎቻችን ይህን ክፍል ደጋግመው ያንብቡት። ከ1976 ጀምሮ 501ሲ3 የሆነ፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የተደረገ ግብረ ሰናይ፣ ድርጅት ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ቅጽ 5768 አስገብቶ በወጪ የሚለካውን ገደብ መምረጥ ይችላል። ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪው እስከ 20 በመቶ ለሎቢ ማዋል ይፈቀድለታል። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያንቀሳቅስ የኮሚዩኒቲ ማኅበር 40,000 ዶላር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቅጽ መሙላት አትችልም፤ ለእሷ የሚሠራው፣ ሎቢ ከሥራዋ ጉልህ ክፍል እንዳይሆን የሚጠይቀው አጠቃላይ ደንብ ነው። የተከለከለው ለዕጩ መቀስቀስ ነው፤ ስለ ረቂቅ ሕግ መናገር አይደለም።

«ቦታውን የቀድሞ ተወካዮች ይዘውታል»

ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ከወንበር ወርደው በሳምንቱ ሎቢስት የሚሆኑትን ለማስቆም ቨርጂኒያ የአንድ ዓመት ቆይታ ትጠይቃለች፤ የፍሎሪዳ መራጮች በ2018 ይህን ወደ ስድስት ዓመት አሳድገውታል። የቀድሞ ተወካይ የሚሸጠው ትውውቁን ነው፣ ትልልቅ ደንበኞችም ለዚያ ይከፍላሉ። ስለ ሕፃናት ማቆያ ወይም ስለ ሾፌር ክፍያ ግን ከእሱ ይበልጥ ጠንቅቃ የምታውቅ የ24 ዓመት ልጅ ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ትደመጣለች።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር። «ሎቢስት» የሚለውን ስም ፕሬዚዳንት ግራንት በዊላርድ ሆቴል ሳሎን ከበው ለሚለምኗቸው ሰዎች አወጡት ይባላል። ግራንት ሥልጣን የያዙት በ1869 ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ 40 ዓመት ቀድሞ በኒው ዮርክ ግዛት ዋና ከተማ በኦልባኒ ይነገር ነበር። ምንጩ ራሱ ከግዛት ምክር ቤት ደጃፍ ነው። እኛም «ደጅ ጥናት» እንል የለ? ልዩነቱ የዛሬው ደጅ ጠኚ የቆመበት ደጅ በመዝገብ የተጻፈ መሆኑ ነው።

«ዜግነት ከሌለህ አይሰሙህም»

በግዛት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ዜግነት ያስፈልጋል። አናፖሊስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለመናገር ግን ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ከዕለቱ በፊት በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ስም ማስመዝገብ፣ የሚደግፉትን ወይም የሚቃወሙትን ረቂቅ ቁጥር መጥቀስ፣ ጽሑፍ ማያያዝ ነው። የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዞ መለማመድ ይበጃል። ዛሬ ሎቢስት ከሚባሉት ብዙዎቹም መጀመሪያ የገቡት እንዲሁ ነው፤ አንድ ረቂቅ ነካቸው፣ ሄደው ተናገሩ፣ በማግስቱ ዓመትም ተመለሱ።