ዓይናችን አላየም

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ሰሞኑን ልቤን ያሳዘነውን ነገር ልጻፍላችሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሰው ይገደላል። ገዳዩ ሳይታወቅ ጊዜ ያልፋል። ወሬው እኛም ዘንድ ይደርሳል። ከጸሎት ወጥተን እዚያው ቆመን እናወራለን። «ባልየው ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ እኔ የምጠረጥረው ልጁን ነው፣ በቀብሩ ላይ ፊቱን አይታችኋል?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ስለ በሩ ቁልፍና ስለ ሰዓቱ ያስረዳል። «አላውቅም» የሚል ግን አይገኝም። ሲመሽ ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን እንለያያለን። እግዚአብሔር ያውቃል ካልን፣ ያን ሁሉ ሰው በስሙ እየጠራን ለምን ከሰስነው?

መጽሐፍ ስለዚህ ዝም አላለም። ዘዳግም ምዕራፍ 21ን ከቁጥር 1 እስከ 9 አንብቡት። ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ።

ሰው ተገድሎ ሜዳ ላይ ወድቆ ይገኛል። ማን እንደገደለው አይታወቅም። ምን ይደረግ? ሽማግሌዎችና ፈራጆች ይወጣሉ። ከሬሳው አንሥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልጎተተች ጊደር ይወስዳሉ። ታርሶና ተዘርቶበት ወደማያውቅ፣ ውኃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ያወርዷታል። በዚያ አንገቷን ይሰብራሉ። የሌዊ ልጆች ካህናቱም ይቀርባሉ። ሽማግሌዎቹ በጊደሯ ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያም እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም፣ ዓይናችንም አላየም ይላሉ። ቀጥለው ለሕዝቡ ይቅርታ ይለምናሉ።

እስቲ አስቡት። እነዚህ ሽማግሌዎች የከተማቸውን ሰው ያውቃሉ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ዛቻ እንደተናገረ ሰምተዋል። ግምት ቢጠየቁ ስም አያጡም ነበር። ሕጉ ግን ግምታቸውን አልጠየቃቸውም። እንዲወጡ፣ እንዲለኩ፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆመው ያላዩትን አላየንም እንዲሉ ነው ያዘዛቸው።

ደሙም ችላ አልተባለም። ገዳዩ አልታወቀም ተብሎ ነገሩ አልተዘጋም። የገደሉት እነርሱ አይደሉም፤ ይቅርታ የሚለምኑት ግን እነርሱ ናቸው። የሟቹ ደም የሁሉም ጉዳይ ሆነ፤ የማንም ስም ግን አልጠፋም። እኛ ይህን ገለበጥነው። ለሟቹ አልጸለይንም፤ የአንድ ሰው ስም ግን አጥፍተናል። ዓይናችን ያላየውን አፋችን ይመሰክራል።

«ኧረ እኔ ይመስለኛል ነው ያልኩት» የሚል አለ። ወንድሜ፣ የሰማህ ሰው ለሌላው ሲናገር «ይመስለኛል»ን ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ «ተረጋግጧል» ሆኗል። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ፍርድ ቤት ቆሞ ለማለ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም።

በቤተሰብ ውስጥ ግድያ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። የሚጠረጠረው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ሐዘንተኛ ነው። ሚስቱን ወይም ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ነው። መርማሪ ከቤት ሰው ቢጀምር ሥራው ነው። ማስረጃ ይሰበስባል፣ ተከሳሹም ጠበቃ ይዞ ይመልሳል። ለእኛ ወሬ ግን ማን ይመልስለታል? የእኛ ማስረጃ ፊት ነው። አላለቀሰም፤ ወይም ደግሞ አበዛው።

ነቢዩ ሕዝቅኤልን አስታውሱ። ምዕራፍ 24 ላይ እግዚአብሔር የዓይኑን አምሮት እንደሚወስድበት ነገረው። አታልቅስ፣ እንባህም አይፍሰስ አለው። ማታ ሚስቱ ሞተች። ጠዋት የታዘዘውን አደረገ። ያን ቀን ጎረቤቱ ብንሆን ስለዚህ ደረቅ ዓይን ምን እንል ነበር? ሐዘን በሰው ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይደነዝዛል፣ አንዱ ቆሞ እንግዳ ያስተናግዳል። በውስጡ ያለውን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሩቅ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአውስትራሊያ፣ ኡሉሩ በሚባለው ትልቅ ዐለት አጠገብ፣ አዛርያ የምትባል የሁለት ወር ገደማ ሕፃን ከድንኳን ጠፋች። እናቷ ሊንዲ ቻምበርሌይን ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ወሰዳት ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ግን ፊቷን አየ። በቴሌቪዥን ስትቀርብ አላለቀሰችም ተባለ። ባልየው ፓስተር ነበር፤ እምነታቸው ሕፃን ይሠዋል የሚል ወሬ ተነዛ። በ1982 እናቲቱ ልጇን ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። እርጉዝ ነበረች፤ እስር ቤት ሆና ወለደች። በ1986 የሕፃኗ ሹራብ የዲንጎ ዋሻዎች ባሉበት አካባቢ ተገኘና እናቲቱ ተፈታች። በ1988 ፍርዱ ተሻረ። ሕፃኗን የገደላት ዲንጎ ነው ተብሎ በይፋ የተወሰነው ግን በ2012 ነው። 32 ዓመት! ያቺ እናት በልጇ ሐዘን ላይ ይህን ሁሉ ተሸከመች። በየቤቱ ያወራባት ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም።

ዝም በሉ ማለቴ ነው? ያየ ዝም አይበል። ዘሌዋውያን 5፥1 ምስክር ሆኖ ያየውን ወይም ያወቀውን የማይናገር ሰው ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። ያየኸው፣ በጆሮህ የሰማኸው ነገር ካለ ሕግ ወዳለበት ሂድና ተናገር። ቢያስፈራህም ተናገር። የሚያሳዝነው ምስክሩ ሲፈራ ገማቹ መድፈሩ ነው።

ገዳዩ ቢታወቅ እንኳ በሕዝብ እጅ አይጣልም። ቃየን ወንድሙን ገደለ። እግዚአብሔር ያውቅ ነበር፤ ግን አስቀድሞ «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ፈረደበትም። ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ደግሞ ምልክት አደረገለት። ጥፋቱ ለታወቀ ሰው ይህ ከተደረገ፣ ላልታወቀበት እንዴት አብልጦ አይገባውም?

ይህን የምታነቡ፣ ሰው የተገደለባችሁና በላዩ ላይ የተጠረጠራችሁ ትኖሩ ይሆናል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ የአቤል ደም ከምድር ወደ እርሱ ሲጮኽ የሰማ አምላክ የወገናችሁንም ሰምቷል። ፋይሉ ቢዘጋም እርሱ ዘንድ አልተዘጋም። ንጹሕ መሆናችሁን ለሰው ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። በሐዘናችሁ መካከል ለመንገደኛ ሁሉ መልስ ስጡ ብሎ ያዘዛችሁ የለም። አልቅሱ። ማልቀስ ካቃታችሁም እርሱ አይታዘባችሁም።

ስም ጠርተን ላወራነው ደግሞ የኢዮብን መጨረሻ እንመልከት። ልጆቹን የቀበረ ሰው ፊት ተቀምጠው ወዳጆቹ ምክንያት ፈለጉ። ከእነርሱ አንዱ በልዳዶስማ ልጆቹ ስለ ኃጢአታቸው እንደሞቱ እስከ መናገር ደረሰ። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር ሲቆጣቸው መሥዋዕታችሁን ይዛችሁ ወደ ባሪያዬ ወደ ኢዮብ ሂዱ፣ እርሱም ስለ እናንተ ይጸልያል አላቸው። ወደ ራሱ ወደ ተጎዳው ሰው ላካቸው። ስለዚህ ለንስሐ አባትህ ተናግረህ ብቻ አትተወው። ያን ስም ለነገርካቸው ሰዎች ሁሉ ተመለስና «ያልኩት ግምት ነው፣ ያየሁት ነገር የለም» በላቸው። የተጠረጠረው ሰው ወሬህን ሰምቶ ከሆነም ቤቱ ድረስ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው።