«ቢሆን ኖሮ» ምንድን ነው? በ1 ነጥብ መሸነፍና በ42 ነጥብ መሸነፍ

መጀመሪያ የወጣው ቢጫ ገመድ ነው። ሰኔ 2013 እ.ኤ.አ.፣ ማያሚ፣ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ፋይናል ስድስተኛ ጨዋታ። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ማያሚ ሂትን 94 ለ 89 እየመራ ነው። የቀረው 28 ሰከንድ ነው። ፋይናሉ አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው፤ ስፐርስ ሦስት ይዟል፣ ይህችን ከጨረሳት ዋንጫው የእሱ ነው። የአዳራሹ ሠራተኞች ለዋንጫው ሥነ ሥርዓት ሕዝቡን የሚያግዱበትን ቢጫ ገመድ ይዘው በሜዳው ዳር ዳር መሰለፍ ጀመሩ። ከማያሚ ደጋፊዎችም ብዙዎቹ ብድግ ብለው ወደ መውጫው አመሩ።

ከዚያ የማያሚው ሌብሮን ጄምስ ከሦስት ነጥብ ርቀት አስገባ። የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ ሁለት ነጻ ውርወራ አግኝቶ አንዱን ሳተ። ሌብሮን በድጋሚ ከሩቅ ሞከረ፤ ይሄኛው አልገባም። ክሪስ ቦሽ ኳሷን ከቀለበቱ ሥር ቀለባትና ወደ ጥግ ሰጠ። ሬይ አለን መሬቱን እንኳን ሳያይ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመና ለቀቃት። 95 እኩል። የቀረው 5.2 ሰከንድ ነበር። በጭማሪ ሰዓት ማያሚ 103 ለ 100 አሸነፈ። ሰባተኛውንም ጨዋታ እሱው ወሰደ።

አንድ የስፐርስ ደጋፊ ጓደኛ አለኝ። ጨዋታው አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር የጀመረው። ሲያልቅ ነግቷል። ፊቱን ታጥቦ በቀጥታ ሥራ ገባ። ዛሬም ያን ሌሊት ካነሳችሁበት ጣቱን ቀስሮ «አንድ ነጻ ውርወራ!» ይላል። በዓመቱ እኮ ስፐርስ ያንኑ ማያሚን 4 ለ 1 ደቁሶ ዋንጫውን አንስቷል። ይሄ አያጽናናውም። «አምስት ዋንጫ አላችሁ፣ ምን ፈለግህ?» ስትሉት መልሱ አጭር ነው።

«ስድስት ነበር።»

ነበር፣ ባይሰበር። ሰው እንደዚያ ሲል እንስቃለን፤ ግን ጽሑፌ ስለዚህች «ነበር» ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ብዙ የጻፉበት ነገር ነው። እኔ በአማርኛ «የቢሆን ኖሮ ሐሳብ» እለዋለሁ። ያልሆነውን፣ ግን ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር በጭንቅላት እየሠሩ ከሆነው ጋር ማስተያየት ማለት ነው። እንደ ሕመም ካየነው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ያመለጠን ነገር ቅርብ በሆነ መጠን ይብሳል።

ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1982 ያወጧት አንዲት ጥያቄ አለች። ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና ወደ ኤርፖርት ይሄዳሉ። በረራቸው የተለያየ ነው፤ የመነሻ ሰዓታቸው ግን አንድ ነው። መንገድ ተዘጋግቶባቸው 30 ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ። አንደኛው «የአንተ አውሮፕላን በሰዓቱ ሄዷል» ተባለ። ሁለተኛው ደግሞ «የአንተ ዘግይቶ ነበር፣ ገና አሁን ከ5 ደቂቃ በፊት ተነሳ» ተባለ። ይበልጥ የሚናደደው የትኛው ነው? ከተጠየቁት 96 በመቶዎቹ ሁለተኛው ነው አሉ። ሁለቱም በረራው አምልጧቸዋል፣ ሁለቱም አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ ሁለተኛው ሰውዬ በሐሳቡ ወደ ኋላ ተመልሶ 5 ደቂቃ መፈለግ መቻሉ ነው። ያቺን መብራት ባልያዘችን! ሻንጣውን ለመጫን ባልተጓተትን! 30 ደቂቃ ግን ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ቅርጫት ኳስ። እንደ ቅርጫት ኳስ «ቢሆን ኖሮ» የሚፈለፍል ስፖርት ያለ አይመስለኝም። በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 200 ነጥብ አካባቢ ያስቆጥራሉ። በአንድ ነጥብ ከተሸነፍክ የሳትካት እያንዳንዷ ኳስ ተከሳሽ ትሆናለች። የስፐርስን ሌሊት ብቻ ተመልከቱ። ከሌናርድ በፊት ማኑ ጂኖቢሊም ከሁለት ነጻ ውርወራ አንዱን ስቶ ነበር። 30 ነጥብ ያስቆጠረውና ተስተው የተመለሱ 17 ኳሶችን (ሪባውንድ) የቀለበው ረጅሙ ቲም ደንካን ቦሽ ያቺን ኳስ ሲቀልባት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ነጥብ እየመራህ ለምን ሆን ብለህ ጥፋት አትሠራም? ለነጻ ውርወራ ቢቆሙ እኮ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኙት። ይኸው፣ እኔ ማንንም የማልደግፈው እንኳን ጀመርኩ።

የያኔው የስፐርስ አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ለዚያ ምሽት ማያሚ ውስጥ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ይዘው ነበር። ዋንጫው የሚከበርበት ራት ነው የታሰበው። ከሽንፈቱ በኋላ ራቱ ይቅር አላሉም። ቡድኑን በሙሉ ይዘው እዚያው ሄዱ፤ ቀድመው ደርሰውም ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ተቀበሏቸው። ስለዚያ ራት ባሰብኩ ቁጥር ጠረጴዛዎቹ ይታዩኛል። ለደስታ የተዘጋጁ ጠረጴዛዎች ናቸው።

በሰፊ ልዩነት መሸነፍስ? ለዚህ ደግሞ 1998ን የመሰለ ማስረጃ አላገኘሁም። ያው ቡድን፣ ያው ተጋጣሚ፣ የአንድ ሳምንት ልዩነት። ዩታ ጃዝ ከቺካጎ ቡልስ ጋር ፋይናል ላይ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ቺካጎ ውስጥ ጃዝ 96 ለ 54 ተሸነፈ። በ42 ነጥብ ማለት ነው፤ በፋይናል ታሪክ ከዚያ የሰፋ ልዩነት የለም። 54 ነጥብም በፋይናል የተመዘገበ ዝቅተኛው ውጤት ነው። ለመጥራትም ያሳፍራል። በሳምንቱ ስድስተኛው ጨዋታ በጃዝ ሜዳ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተደረገ። ጃዝ እንደገና ተሸነፈ፣ 87 ለ 86። በ1 ነጥብ።

የትኛው ነው እስከ ዛሬ የሚወራው? የቡልሱ ማይክል ጆርዳን ከጃዙ ካርል ማሎን እጅ ኳሱን ነጠቀ፣ ወደ ፊት ይዞ ሄደ፣ ብራየን ረስልን አሳስቶ ጣለውና 5.2 ሰከንድ ሲቀረው አስገባ። (አዎ፣ እዚህም 5.2 ነው።) ግራ እጁ ረስልን ገፍቶታል ወይስ ነክቶት ብቻ ነው? የጃዝ ደጋፊ ፊት ይህን ጥያቄ አንሱና ምሽታችሁ አለቀ። ስለ 42ቱ ነጥብ ግን ማንም አይከራከርም። ምን ብሎ ይከራከራል? «ያቺ ኳስ ብትገባ በ40 እንሸነፍ ነበር» ይባላል?

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። በዚያው ስድስተኛ ጨዋታ፣ በሁለተኛው ሩብ፣ የጃዙ ሃዋርድ አይዝሊ ከሦስት ነጥብ ርቀት አስገብቶ ነበር። ዳኛው አንድ ቡድን ኳሷን እስኪወረውር የሚሰጠው 24 ሰከንድ አልቋል ብሎ ሰረዘው። በቪዲዮ ሲታይ ኳሷ ከእጁ የወጣችው በሰዓቱ ነው። ኋላ ደግሞ የቡልሱ ሮን ሃርፐር ሰዓት ካለቀ በኋላ የለቀቃት ተቆጠረችለት። ያኔ ዳኞች ተመልሰው ቪዲዮ የሚያዩበት አሠራር አልነበረም፤ ኤንቢኤ ይህን የጀመረው በ2002 ነው። በ1 ነጥብ በተጠናቀቀ ጨዋታ ውስጥ 5 ነጥብ! ሆኖም ቀድሞ የሚነሳው የጆርዳን እጅ ነው። ጭንቅላታችን «ቢሆን ኖሮ» ሲል ሰነፍ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን፣ በቀላሉ የሚነቀለውን ነገር ብቻ ይነቅላል። ሁለተኛው ሩብ ድረስ ወርዶ የሚቆፍር ጥቂት ነው።

ሒሳቡንም አያጣራም። ጃዝ ያን ጨዋታ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰባተኛ ጨዋታ ነበር እንጂ ዋንጫ አይደለም። በ2019 ቶሮንቶ ውስጥ፣ ያኔ ለቶሮንቶ ይጫወት የነበረው ካዋይ ሌናርድ የለቀቃት ኳስ ቀለበቱ ላይ አራት ጊዜ ነጥራ ስትገባ ፊላደልፊያ 92 ለ 90 ተሸንፎ ወጣ። ጆኤል ኤምቢድ እያለቀሰ ነበር የወጣው። ደጋፊው ኳሷ ተንከባልላ ብትወጣ ኖሮ ቡድኑ የሚያልፍ አድርጎ ነው የሚያስባት። ብትወጣ ግን 90 እኩል፣ ጭማሪ ሰዓት ነበር። በ2021 ኬቨን ዱራንት ሚልዋኪ ላይ ያስገባት ብቻ ናት በእውነት የጫማ ጫፍ ጉዳይ የሆነችው። ጫፉ መስመሩን ባይረግጥ ሦስት ነጥብ ሆና ብሩክሊን አንድ ሰከንድ ሲቀረው ይመራ ነበር። ረገጠ። ሁለት ሆነች። በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ።

ተዘርሮ መሸነፍ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ጊዜ ይሰጥሃል። በሦስተኛው ሩብ 25 ነጥብ ሲመሩህ ቁርጥህን ታውቃለህ። ትቆጣለህ፣ ትስቃለህ፣ አሰልጣኙን ትሰድባለህ፣ ከዚያ አሰልጣኙ ዋና ዋናዎቹን አስወጥቶ ስማቸውን የማታውቃቸውን ልጆች ያስገባል። አንተም ቴሌቪዥኑን ዘግተህ ትተኛለህ። ሐዘኑ ቤት የደረሰው ጨዋታው ሳያልቅ ነው። በፕሌይ ኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው የጥሎ ማለፍ ዙር ደግሞ የነጥብ ልዩነት ወደሚቀጥለው ጨዋታ አይሸጋገርም። በአውሮፓ እግር ኳስ በደርሶ መልስ 4 ለ 0 ከተሸነፍክ አራቱን ጎል ይዘህ ነው የምትሄደው። እዚህ ግን በ42ም ተሸነፍ በ1፣ አንድ ሽንፈት አንድ ሽንፈት ነው። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። ሮበርት ቻልዲኒና ጓደኞቹ በ1976 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው ቡድን ሲያወሩ አዳመጡ። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ማለት ይቀናቸዋል። ሲሸነፍ ደግሞ «ተሸነፉ» ወደማለት ያጋድላሉ። ይሄ እኛም ሰፈር አለ። እንደ እኔ ግምት ግን ሁሉም ሽንፈት ለዚህ አይመችም። በ30 ነጥብ ሲሆን «ድሮም አይረቡም እኮ» ብሎ መራቅ ይቻላል። ለጥቂት ሲሆን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አብረህ ቆመህ ነበር። በምን አንደበት ነው «ተሸነፉ» የምትለው?

«የለም፣ መዋረድ ይብሳል» የሚሉም አሉ፤ አያያዛቸው ይገባኛል። በነጋታው ሥራ ቦታ ሙድ የሚያዝብህ በ42 ስትሸነፍ ነው። በ1 ነጥብ ሲሆን ተቃራኒህ እንኳን ትከሻህን መታ መታ ያደርግሃል። ግን ሙድ የሚይዙት ሰዎች ሐሙስ ላይ ሌላ የሚስቁበት ያገኛሉ። ሬይ አለን ግን መብራት ካጠፋህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ስለ ኦሎምፒክ ሜዳልያ የተሠራውን ጥናት ሳላነሳ ባልፍ የሚወቅሰኝ ይኖራል። ተመራማሪዎች በ1992 ባርሴሎና ላይ የነበሩ አትሌቶችን ፊት በቪዲዮ አስመዘኑ። ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይበልጥ ደስተኛ መስለው ታዩ። ብር ያገኘው ወርቁን ያያል፤ ነሐስ ያገኘው ከኋላው ባዶ እጁን የቀረውን ያያል። ይሁን እንጂ እዚያው ባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቁን ስትወስድ ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር እጇን ይዛ አብራት ሜዳውን ዞረች። የዚያችን ሴት ፊት ያየ ጥናቱን በትንሹ ይጠራጠራል።

ተዘርሮ መሸነፍም አንዳንዴ «ቢሆን ኖሮ»ን ያመጣል። ፊኒክስ ሰንስ በ2022 በመደበኛው ውድድር 64 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ነበር። በፕሌይ ኦፍ ዳላስን 2 ለ 0 ከመራ በኋላ ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ተጎተተ፤ እሱም በገዛ ሜዳው ነው። እረፍት ላይ 57 ለ 27 ነበር። ሉካ ዶንቺች ብቻውን 27፣ መላው ፊኒክስ 27። ጨዋታው 123 ለ 90 አለቀ። እዚህ ላይ የሚነቀል አንድ ኳስ የለም። ግን ያመለጠው ቅርብ ነገር ጨዋታው አልነበረም፣ ዓመቱ ነው። የፊኒክስ ደጋፊ «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ስለ ስምንት ወር ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ከሰሌዳው ላይ ብቻ ማንበብ ያሳስታል። ደጋፊው ከጨዋታው በፊት ዋንጫውን ምን ያህል ቅርብ አድርጎ አይቶት ነበር? እሱን ነው መጠየቅ።

እነዚያ ማያሚ ውስጥ 28 ሰከንድ ሲቀር ተነስተው የወጡት ደጋፊዎች ነገር ደግሞ አለ። ሬይ አለን ሲያስገባ ጩኸቱ ሲሰማ ተመልሰው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንዴ የወጣ አይገባም ተባሉ። በሩን ደበደቡ፣ ለመኑ፤ አልተከፈተም። ቡድናቸው አሸንፏል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዋንጫም አንስቷል። ትኬታቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነበር።