የተከለለ የብስክሌት መንገድ ምንድን ነው? ነዋሪውስ ምኑን ይሰጋል?

አስፋልት ዳር ቀለም ቀብቶ የብስክሌት ምልክት መሳል ብቻውን «የተከለለ መንገድ» አያሰኝም። የተከለለ የሚባለው ብስክሌቱን ከመኪና የሚለይ፣ የሚዳሰስ ነገር ሲኖር ነው፦ ከርብ ስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ)፣ ምሰሶ፣ የአበባ መደብ ወይም የከፍታ ልዩነት። ቀለም ብቻ ከሆነ ሚኒባስ ሲጭንና ሲያወርድ ይቆምበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ነው። መንገዱ ሊያልፍበት የታሰበ ሰፈር ነዋሪ የሚያነሳቸው ስጋቶች አብዛኞቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸው የሚገኘው ግን ንድፉ ላይ ባሉት ልኮች ነው።

መጀመሪያ ስፋት። ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ አንዱ ሌላውን መቅደም ይቸግረዋል። ለሁለት አቅጣጫ ቢያንስ 3 ሜትር ነው። አጠገቡ መኪና የሚቆም ከሆነ ለሚከፈት በር ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ቢቻል 80 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። እንግዲህ በግራም በቀኝም ሲሠራ 5 ሜትር ያህል ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ከመኪና ማቆሚያ ከተወሰደ ባለሱቅ ያኮርፋል። ከእግረኛው ከተወሰደ ግን የባሰ ይመጣል፦ መሄጃ ያጣው ሕዝብ የብስክሌቱ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ብስክሌተኛውም ተመልሶ አስፋልት ላይ ይገባል።

ባለሱቆች «ደንበኛ የት ያቁም?» ይላሉ እንጂ ዋናው ችግራቸው ጭነት ነው። ሲሚንቶ ወይም የለስላሳ ሳጥን ይዞ የመጣ አይሱዙ የሚቆምበት ካጣ ብስክሌት መንገዱ ላይ መውጣቱ አይቀርም። በየተወሰነ ርቀት 2.5 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የማራገፊያ ቦታ፣ የተወሰነ ሰዓትና ለእጅ ጋሪ ዝቅ ያለ ከርብ ከተያዘ ይፈታል።

ከሁሉም የሚከብደው ፌርማታ ነው። ትክክለኛው አሠራር የብስክሌቱን መንገድ ከመጠለያው ጀርባ አዙሮ፣ ተሳፋሪው በመኪናውና በብስክሌቱ መካከል ባለ ደሴት ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ደሴቱ 2.5 ሜትር ካልሰፋ ዊልቸር መዞር ይቸግረዋል። ተሳፋሪው የብስክሌቱን መንገድ አቋርጦ ወደ ደሴቱ የሚያልፍበት መሻገሪያ ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ይላል፤ ብስክሌተኛው ጉብታውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ለዓይነ ስውራን በእግር የሚታወቅ ጎርባጣ ንጣፍ ግዴታ ነው። ከውጭ የተቀዳ ንድፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የማታውን የታክሲ ሰልፍ ነው። ሰልፉ በደሴቱ ርዝመት እንዲዘረጋ ካልተደረገ መንገዱን አቋርጦ ይቆማል።

አደጋ የሚበዛው መጋጠሚያና የግቢ በር ላይ ነው። የብስክሌቱ መንገድ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ከዋናው አስፋልት አንድ መኪና ያህል፣ 5 ሜትር ገባ ቢል የሚታጠፈው ሾፌር ብስክሌተኛውን ከፊቱ ያየዋል። ከመጋጠሚያው በፊት ባሉት 10 ሜትሮች መኪና ከቆመ ግን ሁለቱም አይተያዩም። የሁለት አቅጣጫ መንገድ በአንድ ዳር ሲሠራ ሌላ ጣጣ አለው፦ ከቅያስ የሚወጣ ሾፌር ዓይኑ የሚያየው ወደ ግራ፣ መኪና ወደሚመጣበት ነው፤ በቀኙ የሚመጣውን ብስክሌት አይጠብቀውም።

ዳገቱም አይረሳ። ሽቅብ የሚነዳ ሰው ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይወላገዳል፤ ቁልቁል የሚወርደው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሁለቱን አቅጣጫ በጠባብ መንገድ ማገናኘት አይመከርም።

ክረምት ሲገባ ያልተቋረጠ ከርብ ጎርፉን ያቁራል፤ በየመሃሉ የውሃ መውጫ ክፍተት ይፈልጋል። የማፋሰሻ ክዳን ብረቶች በጉዞው አቅጣጫ ከተደረደሩ ጎማ ይውጣሉ፤ አግድም መሆን አለባቸው። ሞተር ሳይክልን በምሰሶ ብቻ አግዳለሁ ማለት ግን አይሠራም፦ ለዊልቸርና ለባለሦስት እግር ብስክሌት የሚተወው 1.5 ሜትር ለሞተሩም ይበቃዋል፤ ደንብ አስከባሪ ያስፈልጋል።

ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ዛፍና ፈገግተኛ ሰው ያለበት ምስል ይህን አያሳይም። የሚጠየቀው መንገዱ በጣም በሚጠብበት ቦታና በየፌርማታው ላይ የተሠራው፣ ልኩ በሜትር የተጻፈበት የአግድም ቁራጭ ንድፍ፣ ማለትም መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቢቆረጥ የሚታየውን የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከርቡ ውስጥ የሚጠራቀመውን አፈር ማን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚጠርገው።